የቀለም ባልዲና የዘይት ጀሪካን ቀብቶ በረንዳን ማሳመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በረንዳዬ ላይ አምስት የአበባ መትከያዎች አሉ። ሦስቱ የግድግዳ ቀለም የመጣባቸው ባልዲዎች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ አንገታቸው የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች። አሁን ግን ማንም አያውቃቸውም። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪቆላ በረንዳ ይወጣና "ሸክላውን ከየት አመጣሽው?" ይለኛል። ፕላስቲክ ነው ስለው አያምንም፤ በጥፍሩ ይፍቀዋል። ከዚያ የጥያቄ መዓት ይከተላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

ፕላስቲክ በእርግጥ ቀለም ይይዛል? የእኔ በሁለት ሳምንት ተላጠ።

ይይዛል፤ ግን ሳይወድ በግዱ ነው። ባልዲና ጀሪካን የሚሰሩባቸው ፕላስቲኮች ተፈጥሯቸው ከሻማ ጋር ይቀራረባል። ሻማ ላይ በውሃ ቀለም ለመጻፍ ሞክሩ፤ ቀለሙ ይንሸራተታል እንጂ አይቀመጥም። ባልዲውም እንደዚያ ነው። እንጨት ቀለሙን ይመጠዋል፣ ግድግዳም ይመጠዋል። ፕላስቲክ ግን ምንም አይመጥም። ቀለሙ ላዩ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ይደርቅና የሆነ ቦታ ጠርዙ ሲነሳ ሁሉም ይከተላል።

የመጀመሪያው ጀሪካኔ እንዲህ ነው የሆነው። ቀብቼው በጣም አምሮ ነበር። አንድ ቀን ልጄ በኳስ መታው። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ከላይ እስከ ታች ተገፎ ወረደ። ቀለሙን ረገምኩት። ጥፋቱ ግን የቀለሙ አልነበረም፤ ሳላጥብና ሳላሻክር የቀባሁት እኔው ነኝ።

ሱቁ "ፕላስቲክ ቀለም" አለኝ። እሱን ገዝቼ ልቀባ?

ይህ ስም ስንቱን ሰው እንዳሳሳተ! "ፕላስቲክ ቀለም" ማለት ፕላስቲክ ላይ የሚቀባ ማለት አይደለም። በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ነው። ስሙን ያገኘው ሲደርቅ የሚተወው ሽፋን ፕላስቲክ ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ ጨርሶ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ፊቱ በደንብ ከተዘጋጀ፣ ለውጭ ግድግዳ የሚሆነው አይነት ባልዲ ላይ ጥሩ ይሰራል። እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ለውስጥ ግድግዳ የሚሆነውን ግን ተዉት፤ ዝናብና ፀሐይ አይችልም።

ብዙ ቀለም ቀቢዎች "ዘይት ቀለም ይሻላል፣ ያብለጨልጫል" ይሏችኋል። ማብለጭለጡ እውነት ነው። ችግሩ ዘይት ቀለም ከጊዜ ጋር እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ባልዲ ደግሞ አፈር ተሞልቶ ሲነሳ ይለጠጣል፣ ይተጣጠፋል። ጠንካራው ቀለም አብሮ መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በውሃ የሚቀጥነው ትንሽ ይለጠጣል። ለዚህ ሥራ እኔ ከማብለጭለጥ መለጠጥን እመርጣለሁ።

የትኛው ዕቃ ይሻላል? ከየትስ ላግኘው?

ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት። ሦስት ቀስቶች የሰሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 2 ከሆነ እንደ ዘይት ጀሪካኑ ያለ ጠንካራ ፖሊኤትሊን ነው። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ብዙ ባልዲና ከገበያ የሚገዛ ርካሽ የአበባ መትከያ በዚህ ይሰራል። ሁለቱም ቀለም በቀላሉ የማይቀበሉ ናቸው፤ ግን ዕድሜ አላቸው። 1 ቁጥር ሁላችንም ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ ነው። ቀለም ከሁለቱ የተሻለ ይቀበላል፤ ግን ስስ ስለሆነ አፈር ሲገባበት ይጨማደዳል። ለትንሽ ችግኝ ካልሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

ለማግኘት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ሰፈር ውስጥ የሚታነጽ ቤት ካለ ባዶ የቀለም ባልዲ አይጠፋም፤ ዘበኛውን ጠይቁ። ቆራሌው በበራችሁ ሲያልፍ ጠርታችሁ ጀሪካን ማማረጥ ይቻላል። በብዛት የሚፈልግ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይውረድ፤ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ተደርድሮ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ መርዛማ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ፣ ቢታጠብም ባይታጠብም፣ ለምንም አትጠቀሙበት።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። መቀባቱ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ማጠብ። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በሙቅ ውሃና በኦሞ ሁለት ጊዜ፣ ካስፈለገም ሦስት ጊዜ እጠቡት። እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድ እዚህም ይሰራል፤ ቅባቱን ይቆርጣል፣ ፊቱንም ትንሽ ይፍቃል። ውስጡን ብቻ አትጠቡ። የምትቀቡት ውጩን ነው፤ ዘይት ደግሞ ከአፉ እየተንጠባጠበ ውጩን ሁሉ ይለብሰዋል። አዲስ ከሱቅ የተገዛ መትከያም ቢሆን ይታጠባል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባ የሚያንሸራትት ነገር ሊኖርበት ይችላል።

ቀጥሎ ማሻከር። 180 ወይም 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ግዙ። ወረቀቱን ውሃ እያስነካችሁ በክብ በክብ እሹት። ደረቁን በኃይል ከፈተጋችሁት ጀሪካኑ እንደ ጥጥ ይበጣጠስና ፀጉር ያወጣል፤ ከዚያ ቀለሙ ሲደርቅ ያ ፀጉር ሁሉ ይታያል። የምትፈልጉት መቦርቦር ሳይሆን ማብለጭለጩን ማጥፋት ነው። እጃችሁን አስኪዱበት። የሚያንሸራትት ቦታ ካለ አልጨረሳችሁም። እጀታው ሥርና ከንፈሩ ዙሪያ ሁልጊዜ ይረሳል። ቀለም መላጥ የሚጀምረውም ሁልጊዜ ከዚያ ነው።

ከዚያ አቧራውን በውሃ አጥባችሁ አድርቁና በአልኮል በራሰ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉት። በኮቪድ ጊዜ የገዛነው 70 በመቶ አልኮል ከየቤቱ መሳቢያ ገና አልጠፋም፤ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ከተጠረገ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ወዝም ቅባት ነው።

መዘጋጀቱን ለማወቅ ውሃ እርጩበት። ውሃው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ የሚንከባለል ከሆነ ተመለሱ። ካልተፋቀው ቦታ ይልቅ ተዘርግቶ የሚቀመጥ ከሆነ፣ አድርቃችሁ ወደ ቀለሙ።

ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መያዣ) ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፤ ካገኛችሁ ግን ዕድሜውን ያረዝመዋል። ግን የትኛው ፕራይመር? ለብረት የሚሆነው የዝገት መከላከያ እዚህ አይሰራም። የግድግዳውም አይሰራም። የሚያስፈልገው ለፕላስቲክ ተብሎ የተሰራው ነው። ቀለም ቤት ካጣችሁት የመኪና ቀለም ከሚሸጡት ዘንድ ጠይቁ። ምክንያቱም የመኪና ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራው ከዚሁ ከ5 ቁጥሩ ፕላስቲክ ዘር ነው። ባቲላሜራና ቀለም የሚሰሩ ጋራዦች ፓራውልት ከመቀባታቸው በፊት የሚነፉት፣ ቀለምና ፕላስቲክን የሚያያይዝ ፈሳሽ አለ። በስሱ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሽታው ከባድ ስለሆነ ውጭ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ከከሰልና ከምድጃ ርቃችሁ ሥሩ። ቡና እየፈላ እንዳታደርጉት።

ስንት ቀለም ይበቃኛል?

ከምታስቡት በጣም ያነሰ። አንድ ሊትር ቀለም አንዴ ሲቀባ አሥር ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የ20 ሊትር ባልዲ ዙሪያው ሦስተኛ ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሁለት እጅ ብትቀቡት እንኳ ግማሽ ሊትር ሰባት ባልዲ ያደርሳል። ስለዚህ ጋሎን አትግዙ። ቤቱን ሲያስቀባ የተረፈው ጎረቤት ካለ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ።

ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል። ወፍራሙ ይወርዳል፤ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ።

ክረምት ላይ መቀባት ይቻላል? ለእንቁጣጣሽ ማድረስ ፈልጌ ነበር።

የሁሉም ሰው ፍላጎት ይኸው ነው፤ የዓመቱ መጥፎ ጊዜም ይኸው ነው። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ውሃ ነው። በውሃ የሚቀጥን ቀለም የሚደርቀው ውሃው ሲተን ስለሆነ፣ በአንድ ቀን የሚደርቀው ሦስት ቀን ይፈጃል። ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድ ብርድም ቀለሙን በደንብ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት ሰፈር ማታ በረንዳ ላይ አታሳድሩት።

ካስፈለገ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ጋዜጣ አንጥፋችሁ ሥሩ። እኔ ሳሎን ውስጥ ሁለት ቀን አቆይቻለሁ። ቤተሰቡ አጉረመረመ፤ ባልዲው ግን ደረቀ። የሚመቸው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው።

ደግሞ ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ቀለሙ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ አትፈትጉት፤ አንዱን በሌላው ውስጥም አትክተቱት። ይጣበቃሉ።

ቀለሙ ምን ይሁን? ቀይ እወዳለሁ።

ቀይና ሮዝ ቶሎ ይደበዝዛሉ። በተለይ አዲስ አበባ ላይ። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳችንን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በረንዳችሁ ላይ የሚያርፈው ጨረር ባህር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ብርድ ስለሚሰማን ፀሐዩ ቀላል ይመስለናል እንጂ። ያልተቀባ ጀሪካን በጥቂት ዓመት ደርቆ በጣት ሲነኩት የሚሰባበረውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ቀለም መቀባት ለማማር ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ያለብሰዋል።

የማይደበዝዙት የአፈር ቀለሞች ናቸው። ቡና አይነት፣ የሸክላ ቀይ፣ ደማቅ ያልሆነ ቢጫ። እነዚህ ቀለማቸውን የሚያገኙት ከብረት ዝገት ነው። ዝገት ደግሞ ከፀሐይ ጋር ጠብ የለውም።

ሌላም ነገር አለ፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ሙቀት ይሰበስባል። አዲስ አበባ ላይ ይቻላል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ላይ ግን ሥሩን ታበስሉታላችሁ። ቆላ ያላችሁ ነጭና ክሬም ምረጡ።

ሸክላ የሚያስመስሉት እንዴት ነው? ጥለትስ መሥራት ይቻላል?

ለሸክላው፣ የሸክላ ቀይ ቀለም ውስጥ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ጨምሩ። ለአራት ሲኒ ቀለም አንድ ሲኒ አሸዋ ይበቃል። በብሩሽ ጫፍ እየጠቀጠቃችሁ እንጂ እየጎተታችሁ አትቀቡ። ሲደርቅ በስፖንጅ ጥቁር ቡና አይነት እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጉ፤ ከንፈሩ ላይ ጠንከር፣ ሆዱ ላይ ሳሳ። እሳት የነካው ገንቦ ይመስላል። ኢንተርኔት ላይ በአሸዋ ፋንታ የዳቦ ሶዳ ጨምሩ የሚሉ አሉ። ያምራል፤ ግን ሶዳ በውሃ ይሟሟል። ዝናብ የሚደርስበት በረንዳ ላይ አላምነውም።

ለጥለት፣ ወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን በሁለት መስመር ለጥፉ፤ ጥለቱን በመካከሉ ሥሩ፤ ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ ፕላስተሩን አንሱ። ከደረቀ በኋላ ካነሳችሁት ቀለሙን ይዞት ይመጣል። የቀሚስ ጥለት ከታች መሆኑን እናውቃለን፤ ባልዲ ላይ ግን ከላይ፣ ከንፈሩ አጠገብ ያምራል። ታችኛውን ጭቃ ይረጨዋል። የመሶብ ስፌት የሚመስል የሚፈልግ በክብ የሚወጡ ትንንሽ ማዕዘኖች ይሥራ፤ ትዕግስት ግን ይጠይቃል። እኔ ሦስት ዙር ሠርቼ ተውኩት።

ቀዳዳውን እንዴት ልብሳ? ከሥር ጠጠር ላድርግ?

ቀዳዳ ሳይቀባ በፊት ነው የሚበሳው። ብዙ ሰው ሚስማር በእሳት አግሎ ይበሳል፤ ይሰራል፣ ግን ጭሱን አትተንፍሱ። ድሪል ካለ ይመረጣል። ለ20 ሊትር ባልዲ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው አምስት ስድስት ቀዳዳዎች ይበቃሉ።

ጠጠሩን ተዉት። ሁላችንም ከቤተሰብ የወረስነው ነው፤ ግን ውሃውን አያስወጣም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ ጠግቦ እስኪሞላ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ጠጠር ስትጨምሩ የሚሆነው ያ እርጥብ ክፍል ወደ ተክሉ ሥር ከፍ ማለቱ ነው። በምትኩ ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳያልፍ የወንፊት ቁራጭ ጣሉና እስከ ታች ድረስ ጥሩ አፈር ሙሉ። መረሬ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ጭቃ ይሆናል። ቀይ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና አሸዋ ቀላቅሉበት።

በሶብላና ጤና አዳም ልተክልበት ነው። ቀለሙ አይመርዝም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ለሚበላ ነገር የዘይት ጀሪካን ምረጡ፤ ከመጀመሪያውም ምግብ ነው የያዘው። የቀለም ባልዲውን ለአበባ ተዉት። የምትቀቡት ውጩን ብቻ ይሁን። ለማማር ከፈለጋችሁ ከንፈሩን አልፋችሁ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውረዱ፤ አፈሩ ከዚያ በታች ይቁም።

አሮጌ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘይት ቀለም ግን አትጠቀሙ፤ በተለይ ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ። ድሮ እነዚህ ቀለሞች ደማቅነታቸውን የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ከእርሳስ ማዕድን ነበር። እሱ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። አሁን በአገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ብቻ ነው። አዲስና መለያው የሚነበብ ጣሳ ግዙ።

ለጀማሪ የጥብስ ቅጠል እመክራለሁ። ውሃ ብትረሱትም አይቀየምም። ጠጅ ሣርም ያድጋል፤ ግን ባልዲውን ብቻውን ይፈልጋል። በሶብላ ብርድ አይወድም፤ ግድግዳ አስጠጉት።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ችግር አለው?

ሁለት ችግር አለው። አንዱ ክብደት ነው። ባለ 20 ሊትሩ ባልዲ እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ወለሉ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ጥግ ይቀመጥ። ብረቱ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ከታች ልጆች ይጫወታሉ።

ሁለተኛው ውሃው ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አበባዬን አጠጥቼ ገባሁ። ከታች ያሉት እማማ ነጠላቸውን አጥበው አስጥተው ነበር። ቀይ አፈር የያዘ ውሃ በነጩ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ፣ ጥለቱ ከዳር ወደ መካከል የሄደ አስመሰለው። ወርጄ አጠብኩላቸው። እሳቸው ምንም አላሉም፤ እሱ ነው የከበደኝ። ከዚያ ወዲህ የባልዲውን የራሱን ክዳን ገልብጬ ከሥሩ አደርጋለሁ። ልኩ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ ቀለም ከቀባችሁት ከመትከያው ጋር አብሮ የተገዛ ይመስላል። የተጠራቀመውን ውሃ ግን በማግስቱ ድፉት፤ ትንኝ ይራባበታል።

አሜሪካ ነኝ። እዚህም እንደዚሁ ነው?

ለእናንተ ቀላል ነው። ለፕላስቲክ ተብሎ የተሰራ ስፕሬይ ቀለም፣ ለምሳሌ ክራይሎን ፊውዥን፣ ከሃርድዌር መደብር ይገኛል። ፕራይመር አያስፈልገውም ይላሉ፤ መታጠቡ ግን አይቀርም። ማሻከሩንም ባትዘሉት ይሻላል። በረዶ ባለበት ከተማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ክረምት ሳይገባ አፈሩን ገልብጡና መትከያውን ጋራዥ አስገቡት። እርጥብ አፈር ሲቀዘቅዝ ይሰፋል፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፤ ቀለሙንም አብሮ።

ከላይ ቨርኒሽ ልቀባበት?

ለውጭ የሚሆን፣ በውሃ የሚቀጥን ከሆነ ጥሩ ነው። የእንጨቱ ቨርኒሽ ግን ነጩን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። አሸዋ የተቀላቀለበትን የሸክላ ቀለም አትቀቡት፤ ካብለጨለጨ ሸክላነቱ ያበቃል።

መያዙን በምን ልወቅ? ከተላጠስ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ የማይታይ ቦታ ላይ በምላጭ ትንሽ መስቀል ጫሩ። ፕላስተር በደንብ ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ንቀሉት። ፕላስተሩ ላይ ብናኝ ብቻ ከመጣ ተሳክቷል። ቁርጥራጭ ቀለም ከመጣ ሌላውም ይከተላል፤ አፈር ሳይሞላበት አሁኑኑ ፍቁት።

አበባ ተተክሎበት ከተላጠ ደግሞ ሁሉን ማፍረስ አያስፈልግም። የተነሳውን ጠርዝ እስከማይነሳበት ድረስ ላጡት፤ ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ በአልኮል ጥረጉና በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡት። የሸክላው ቀለም እዚህ ላይ ደግሞ ይጠቅማል፤ ሸክላ ስለሚመስል የተጠገነበት ቦታ አይለይም። ለዚያም ጊዜ የሌለው ሰው የተላጠውን ጎን ወደ ግድግዳው ያዙረው። ከአምስቱ የእኔ መትከያዎች አንዱ ይኸው እስካሁን ፊቱን አዙሮ ቆሟል።